«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ የሶፍትዌርንም ጭምር

ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ገና ያላለቀውን ቨርዥን «ቦርከና» አልነው። ወንዙን ስለምንወደው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለንም። በሦስተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት የሎግ ፋይል ሲያብጥ አድሮ ሰርቨሩን ሞላው። የኮምቦልቻው ልጅ ስክሪኑን አይቶ ሳቀ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል! ቦርከና ብላችሁ ጠርታችሁ ሞላ ብላችሁ ታማርራላችሁ?»

አባባሉ የሚነገረው ስምና ግብር ሲገጥሙ ነው። ወላጅ ስም ሲያወጣ አፉን የሚመራው መልአክ ነው፣ የልጁ ጠባይም ኋላ ስሙን ይከተላል የሚል እምነት አለበት። በሉቃስ ወንጌልም የመጥምቁን ስም፣ ገና ሳይፀነስ፣ ለአባቱ ለዘካርያስ የነገረው መልአክ ነው። ዛሬ ለቀልድም ለሽሙጥም ይውላል። (ትዕግሥት የምትባል ሴት ስትቆጣ ግን መልአኩ የት ሄዶ ነበር ያሰኛል።)

ሶፍትዌር ሠሪዎችም ሳይወለድ ስም ያወጣሉ። የሚወጣበት ቀንና የገበያ ስሙ ገና አልተቆረጠም፤ ሠራተኛው ግን ዛሬውኑ የሚጠራበት ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 95ን «ቺካጎ»፣ ኤክስፒን «ዊስለር» ይለው ነበር። ዊስለር ካናዳ ያለ የበረዶ ሸርተቴ ተራራ ነው። ቀጥሎ የታሰበው ትልቅ ሥራ በጎረቤቱ ተራራ «ብላክኮምብ» ተባለ። መሀል ላይ ቶሎ እናወጣዋለን ያሉትን ደግሞ በሁለቱ ተራሮች መካከል ባለ መጠጥ ቤት «ሎንግሆርን» አሉት። መጠጥ ቤት የገባ መቼ ቶሎ ይወጣል? ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ፣ ሎንግሆርን «ቪስታ» ተብሎ ለሕዝብ የደረሰው በ2007 ነው።

ለኔ ግን እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ዴቢያንን የሚያህል የለም። ስሞቹን የሚወስደው «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የካርቱን ፊልም ነው። ሁሌም በሥራ ላይ ያለው፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ ሊሰበር የሚችለው ክፍል «ሲድ» ይባላል። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው።

የኛዋ ደሴስ ብትሆን? የቦታው የድሮ ስም ላኮመልዛ ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታይቶ፣ ደስ ብሏቸው «ደሴ» አሏት ይባላል።

ፕሮግራማችንን ባለቤቱ በሱቁ ስም አስጠራው። እኛ ግን ዛሬም አንድ ነገር ሲበላሽ የምንደዋወለው «ቦርከና ሞላ» እየተባባልን ነው።