የጎንደር ዘመን የድንጋይ ድልድዮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፖርቱጋሎች የሠሯቸው ናቸው።»
ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይኼ ነው፤ የአገሩን ግንበኛ ድካምም ከንቱ ያስቀራል። እርግጥ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 አካባቢ ሲሠራ ከኢየሱሳውያን (ከካቶሊክ ሚስዮናውያን) ጋር ከህንድ የመጣ ግንበኛ እጅ አለበት። በኖራ የመገንባት ሙያ የተስፋፋውም ያኔ ነው። አፄ ፋሲል ግን በ1632 ነግሠው ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። ሙያው እዚሁ ቀርቷል፤ ቤተ እስራኤል ግንበኞችም በጎንደር ሕንፃዎች ላይ ስማቸው ይነሣል።

«አሮጌ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ነው።»
ለአፄ ፋሲል የሚነገርላቸው ሰባት ድልድይ ነው። አላታ ራሱ የአባታቸው ዘመን ሥራ ነው።

«ኖራው በእንቁላል ስለተለወሰ ነው የጠነከረው።»
ድልድዩን የተሸከመው ኖራው ሳይሆን ቅስቱ፣ እንደ ደጋን የጎበጠው ግንብ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ቅስት የሚመስል የእንጨት ድጋፍ ይቆማል፤ ክረምት ከደረሰበት ጎርፍ ይወስደዋል። ወደ ታች ጠበብ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮች ከሁለቱም ወገን እኩል እየተደረደሩ ይወጣሉ። አንዱ ወገን ከቀደመ ድጋፉ ያጋድላል። መሃል ላይ የመጨረሻው ድንጋይ ከተቆለፈ በኋላ ክብደቱ ሁሉ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያጣብቃል፣ ግፊቱም ወደ ዳርና ዳሩ ግንብ ይሄዳል። ኖራው ክፍተቱን ይሞላል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ እሳት ተቃጥሎ፣ በውሃ በርዶ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይለወሳል። የሚጠነክረው ከአየር የተቃጠለ አየር እየሳበ ስለሆነ በአንድ ሳምንት አይደርቅም፤ ወራትና ዓመታት ይፈልጋል።

«ሰባራ ድልድይ አርጅቶ ወደቀ።»
በጌምድርንና ጎጃምን ያገናኝ የነበረው ይህ የዓባይ ድልድይ በእርጅና አልተሰበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች ሆን ብለው ቆረጡት።

«በሲሚንቶ ቢጠገን ይበረታል።»
ይህ ስህተት ድልድይ ያሳጣል። ኖራ እርጥበቱን በመገጣጠሚያው በኩል ያስወጣል፣ ድንጋዩ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለመጣል። ሲሚንቶ ግን ውሃውን ከውስጥ ያፍናል፤ ግትር ስለሆነ ራሱ ሳይሰነጠቅ የድንጋዩን ጠርዝ ይሸራርፋል። መገጣጠሚያውን ከመጠገን በፊት መታየት ያለበት ደግሞ መሠረቱ ነው፤ ጎርፍ የእግሩን ሥር ከቦረቦረው ላይ ያለው ቅስት ምንም ደህና ቢሆን ይወርዳል። በመገጣጠሚያው የበቀለ ዛፍ ካለ ገና ለጋ ሳለ ከሥሩ ይቆረጥ፤ ሥሩ ከወፈረ በኋላ መጎተት ድንጋዩን ይዞ ይመጣል።