ሦስት ጣቱ የት ገባ? ስለ አዲሱ «ሮንግ ተርን» የሚወራውና እውነቱ

የሲዲ ኪራይ ዘመን የደረሰበት ሰው «ሮንግ ተርን» የሚባለውን አስፈሪ ፊልም አይረሳም። እኔ የመጀመሪያውን ያየሁት ፊቱ ተጭሮ ባለቀ ዲስክ ነው። ልጆቹ ጫካ መሀል ያለ ማማ ላይ ወጥተው፣ እነዚያ ሦስት ሰው በላዎች ከሥር ሲደርሱ ምስሉ ቀጥ አለ። ዲስኩን አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ እፍ አልኩበት፣ ወይ ፍንክች! መጨረሻውን ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ከ2003 እስከ 2014 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስድስት ፊልም ወጣ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው፤ ወጣቶች ጫካ ይገባሉ፣ መልካቸው የተበላሸ ወንድማማቾች ያርዷቸዋል፤ ከእነሱ አንዱ «ሦስት ጣቱ» ይባላል። በ2021 ሌላ መጣ። ሰው በላዎቹ የሉም። በእነሱ ፋንታ ተራራ ላይ የራሱ ሕግና የራሱ ሸንጎ ያለው ማኅበረሰብ አለ። ፎክ ሆረር የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው፤ ፍርሃቱ ከአንድ እብድ ገዳይ ሳይሆን ከአንድ ማኅበረሰብ እምነትና ልማድ የሚመጣበት። ስለዚህ ፊልም ሰው የሚለውን ስሰማ ብዙው ልክ አይደለም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምዘረግፈው ያላያችሁ መጀመሪያ እዩት።

«ሰባተኛው ክፍል ነው፤ ሦስት ጣቱ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል»

አይልም። ይህ ተከታይ ሳይሆን ከዜሮ የተጀመረ ነው። የድሮዎቹን ስድስቱንም እንዳልነበሩ ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ሦስት ጣቱን የጠበቀ ሰው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? የአድናቂው ኩርፊያም ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

«ሌላ ፊልም ነበር፤ ለገበያ ብለው ስሙን ለጠፉበት»

ይህን እኔም አምኜው ነበር። ግን የ2021ን ፊልም የጻፈው አለን ማክኤልሮይ ነው፣ የ2003ንም የጻፈው እሱ ራሱ ነው። መሀል ላይ ያሉት አምስቱ የሌሎች ሰዎች ሥራ ናቸው። ስለዚህ ባዳ መጥቶ ቤቱን አላፈረሰም፤ መሠረቱን የጣለው ሰው ነው ተመልሶ ያፈረሰው። ዳይሬክተሩ ማይክ ኔልሰን ነው አዲሱ እጅ።

ርዕሱም ቢሆን ዝም ብሎ የተለጠፈ አይደለም። በመጀመሪያው ፊልም ልጁ መንገድ የሚቀይረው አውራ ጎዳናው በአደጋ ስለተዘጋ ነው። ዕድለ ቢስ ነው እንጂ ጥፋት የለበትም። በአዲሱ ግን ስድስት ጓደኛሞች ቨርጂኒያ ውስጥ የአፓላችያን (የምሥራቅ አሜሪካ ተራራማ አካባቢ) የእግር መንገድን ሊሄዱ ይመጣሉ፤ ከምልክቱ እንዳይወጡ ይነገራቸዋል፣ እነሱ ግን የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ምሽግ እንይ ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ይወጣሉ። ይህ መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ 14 ግዛት ያቋርጣል። እሱን ሁሉ ትቶ ጫካ መግባት!

«ፎክ ሆረር ማለት ጫካ፣ ቀንድ እና የእንስሳ ጭምብል ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጭምብሉ አለ። የተራራው ሰዎች ፀጉራም ቆዳ ደርበው፣ የአውሬ ራስ ቅል ፊታቸው ላይ አጥልቀው ነው የሚመጡት። ግን ጭምብል ጌጥ ነው። ስላሸሩም (ገዳይ ሰዎችን አንድ በአንድ እያሳደደ የሚያርድበት ዓይነት ፊልም) ጭምብል ነበረው፣ ጫካም ነበረው። እንግሊዛዊው አዳም ስኮቬል ስለ ፎክ ሆረር በ2017 በጻፈው መጽሐፍ አራት ነገር እንደ ሰንሰለት ያያይዛል፦ መልክዓ ምድሩ፣ መገለሉ፣ ከዚያ መገለል የሚወለደው የተጣመመ እምነት፣ በመጨረሻም እምነቱ የሚያስከትለው ድርጊት። የድሮው «ሮንግ ተርን» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞልተውለታል። ሦስተኛው የለውም። ሦስት ጣቱ ምንም አያምንም። ይርበዋል፣ ይገድላል፣ ይስቃል። በቃ።

አሁን የአዲሱን የዋሻ ችሎት አስቡት። ከዚያ በፊት የሆነው ይህ ነው፦ አንድ ግዙፍ ግንድ ከዳገት ተንከባልሎ አንዱን ልጅ ጨፍልቆታል፤ ጓደኞቹ ደንግጠዋል፣ አንዷ ጠፍታለች፣ አዳም የሚባለው ደግሞ ከተራራው ሰዎች አንዱን ጭንቅላቱን በእንጨት ቀጥቅጦ ገድሎታል። ሲያዙ በችቦ ብርሃን ዋሻ ውስጥ ያቀርቧቸዋል። ሽማግሌ ይሰየማል፣ ክስ ይነበባል፣ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። የሸንጎው አለቃ ጆን ቬነብል ድምፁን ከፍ እንኳን አያደርግም። ወጥመዱ ለአውሬ ነው ይላሉ፣ ሰው የገደላችሁት እናንተ ናችሁ። እና ነገሩ የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ተመልካቹ በልቡ «እውነታቸውን ነው እኮ» ማለት ይጀምራል። አዳም የገደለበት አገዳደል በራሱ ላይ ይፈጸማል። ለሌሎቹ የሚፈረደው ደግሞ «ጨለማ» የሚባለው ነው፤ በጋለ ብረት ዓይን ማጥፋትና ዋሻ ውስጥ መተው።

ከስላሸር ገዳይ መሮጥ ትችላለህ። ፈርዶብህ የጨረሰ መንደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ። ሰው አገር ገብተህ የአገሩን ሥርዓት ሳታውቅ እጅህን ያነሳህ ቀን ምን እንደሚከተል እኛ አገር ገጠር ያደገ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

«ደም አልባ፣ ቀዝቃዛ ፊልም ሆኗል»

ከላይ የነገርኳችሁን ግንድ፣ እንጨትና የጋለ ብረት ደግማችሁ አንብቡ።

«እውነተኛ ታሪክ ነው፤ አፓላችያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ»

የለም። ይህ ወሬ ከሁሉም በላይ ያስከፋኛል፣ ምክንያቱም እውነተኛ ሰዎችን ይነካል። የመጀመሪያው ፊልም ዌስት ቨርጂኒያ ነኝ ይላል፣ የተቀረጸው ግን ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ነው። ሦስተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ቡልጋሪያ ነው የተቀረጹት። ያ የሚያስፈራችሁ የአሜሪካ ጫካ የቡልጋሪያ ጫካ ነበር። አዲሱ እንኳን የቨርጂኒያን ተራራ ኦሃዮ ሄዶ ነው የቀረጸው።

ተራራው ላይ የነበረው እውነተኛ ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1930ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም፣ በትውልድ የተቀመጡበት ከ400 በላይ ቤተሰቦች ከተራራቸው እንዲነሱ ተደርገዋል። ያኔ ኋላ ቀር ናቸው፣ ከዓለም ተቆርጠዋል የሚለው ወሬ ለማስነሳቱ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። ጎረቤት ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 1920 ድረስ ጥንታዊ ደኗ ከሞላ ጎደል ተጨፍጭፎ አልቋል፤ እንጨቱንም ከሰሉንም የወሰደው ከውጭ የመጣ ካፒታል ነው። ከተማ ሰው ተራራ ወጥቶ በተራራ ሰው ተበላ የሚለው ተረት፣ ማን ማንን እንደበላ ሲታይ ትንሽ ያሳፍራል።

አዲሱ ፊልም ይህን የገባው ይመስለኛል። የተራራውን ሰዎች ማኅበር በ1859 የተቋቋመ ያደርገዋል፤ አገሪቱ ልትፈርስ ነው ብለው ቤተሰብ ቤተሰቡን ይዘው ተራራ የወጡ። ዓመቱ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ጆን ብራውን ባርነትን ለማስወገድ ሃርፐርስ ፌሪ በምትባል ከተማ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የያዘው በዚያው በ1859 ጥቅምት ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሳ። የዛሬው የአፓላችያን የእግር መንገድም ሃርፐርስ ፌሪ መሀል ያልፋል።

«የተራራው ሰዎች ዘረኛ ገበሬዎች ናቸው፤ ፊልሙም ያንን ነው የሚለው»

ግማሹን ብቻ ያየ ሰው ወሬ ነው። ተራራው ሥር ያለችው ከተማ ላይ ልጆቹን በክፉ ዓይን የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ተመልካቹ «ገዳዮቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ፊልሙ ሆን ብሎ ነው ያንን ግምት የሚያስገምተው። ላይ ሲወጡ ግን ማኅበሩ ውስጥ ጥቁርም ነጭም አብሮ ይኖራል፣ ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ይበላል። ዳሪየስ የሚባለው ጥቁር ወጣት፣ እኩልነት ያለበት ኑሮ ሲመኝ የነበረ፣ መውጫ በር ሲከፈትለት እቀራለሁ ይላል። ይህን ስላሸር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ገዳዮቹ ዘንድ መቅረት የሚያስመኝ ነገር ስለሌለ።

እርግጥ ያ ሁሉ እኩልነት የሚቆመው ዓይናቸው በጠፋ ሰዎች ዋሻ ላይ ነው። ዳሪየስ ይህን ያውቃል።

«ፎክ ሆረር የ2019 ፋሽን ነው፤ እነሱም ተከትለው ገቡ»

ፋሽኑ እንደረዳቸው አልክድም። ግን ዘውጉ የቆየ ነው፤ የእንግሊዞቹ ሦስት ዋና ፊልሞች ከ1968 እስከ 1973 ነው የወጡት። አሜሪካም የራሷ አላት፤ ሸርሊ ጃክሰን በ1948 መንደርተኛው በዕጣ የወጣለትን ሰው በድንጋይ ሲወግር የሚያሳይ አጭር ልብወለድ ስታሳትም ጫካም ጭምብልም አላስፈለጋትም።

«ሲኒማ ቤት ስላልሠራ ነው የወደቀው»

ጥር 2021 እኮ ነው! ወረርሽኙ ብዙ ሲኒማ ቤቶችን ዘግቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ምሽት ታይቶ ወደ ቤት ስክሪን ገባ። የፊልሙ መወደድና መጠላት በዚህ አይለካም።

«መጨረሻው ተስፋ የቆረጠ ነው፤ ጄን ከነሱ ጋር ትሄዳለች»

ይህን የሚል ሰው የተዋናዮቹ ስም መውጣት ሲጀምር ፊልሙን ያጠፋ ነው። ከስድስቱ ጓደኛሞች አንዷ የሆነችው ጄን ከተራራው አምልጣ፣ ቤቷ ገብታለች። ቬነብል ግን ፈልጎ ያገኛታል፤ ከእሱ አርግዛለች፣ ለቤተሰቧ ስትል ተነስታ አብራው መኪና ውስጥ ትገባለች። የተዋናዮቹ ስም ስክሪኑ ላይ መውረድ ይጀምራል፣ የታወቀው የአሜሪካ ሕዝብ ዘፈን በሴት ድምፅ ቀስ ብሎ ይከፈታል። መኪናው ጸጥ ባለው የሰፈር መንገድ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዝወዝ ብሎ ይጋጫል። ካሜራው አይጠጋም። ከሩቅ በሩ ሲከፈት፣ ጄን ቢላ ይዛ ስትወርድ ይታያል። የጀመረችውን ትጨርስና ከተራራው የመጣችውን ትንሽ ልጅ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ስሞቹ አሁንም እየወረዱ ነው።