ካስት እና ካሌንደርድ ስቲከር፦ ልዩነቱ ውፍረት አይደለም

"ወፍራሙን ለጥፍልኝ፣ እሱ ይበረታል" የሚሉኝ የድሬ ባለ መኪኖች በዝተዋል። ዶልፊን ሚኒባስ ሙሉ በሙሉ በማስታወቂያ ስቲከር ሲለበስ ጥንካሬውን የሚወስነው ግን ፕላስቲኩ የተሠራበት መንገድ ነው።

ካሌንደርድ የሚባለው በጋሉ ሮለሮች መሃል እንደ ሊጥ እየተዳመጠ የሚሳሳ ነው። ተለጥጦ ስለተሠራ ሙቀት ሲያገኘው ይሰበሰባል። ካስት ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ፈሳሹ በስሱ ይፈስና በምድጃ ይደርቃል። ማንም ስላልለጠጠው እምብዛም አይሰበሰብም። ውፍረቱም 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሃያኛ) ገደማ ብቻ ስለሆነ የመኪናውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል።

ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የቆመች አንዲት ዶልፊን አይቻለሁ፤ ካሌንደርዱ ከጠርዙ የጥፍር ስፋት ያህል ሸሽቶ፣ የተጋለጠው ሙጫ አቧራ ጠጥቶ ጥቁር መስመር ሠርቷል። የበሩ ጎድጓዳ ላይ ደግሞ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተነሥቷል። ባለቤቷ ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው፤ ያሳዝናል።

የአሠራሩ ልዩነት የትም አንድ ነው። ዕድሜው ግን እንደ ፀሐዩ፣ እንደ ለጣፊው እጅና እንደ ጥራቱ ይለያያል። ጎኑ ጠፍጣፋ ለሆነ የጭነት ሳጥን ጥሩ ካሌንደርድ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለዶልፊን ካስት ከመረጣችሁ ከላይ የሚለበጠው ላሚኔሽንም ካስት ይሁን፤ አለዚያ እሱ ሲሸሽ የታችኛውን ጎትቶ ያነሣዋል።