«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»

ከተማ ያደገ ልጅ ምሳሌውን ያውቀዋል፤ ቆጡን ግን አያውቀውም። ቆጥ ዶሮ የምታድርበት፣ ከግድግዳው ተያይዞ በአጣና የተረበረበ ከፍታ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በእኛ በመንዝ በኩል፣ ከከብቶቹ ጋጥ በላይ የሚሠራበት ቤት አለ፤ የከብቱ ትንፋሽ ከታች ያሞቃቸዋል፣ ሸለምጥማጥም እንደልቡ አያገኛቸውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዶሮዎቹ ከቆጥ የሚወርዱት በግድ ነው። ደጁ ጭቃ፣ ሜዳው ጉም ነው። እናቴ ቅንቅን እንዳይፈላባቸው ከሥራቸው አመድ ትነሰንሳለች፤ የገብስ ግርዱንም እዚያው በራፉ ላይ ትበትንላቸዋለች። በፍልሰታ ጾም እንቁላል ስለማይበላ ይጠራቀማል፤ ከእሱ መርጣ ታስታቅፋለች። ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ ነሐሴ 15 የታቀፈች ዶሮ 21 ቀኗን የምትሞላው መስከረም 1 ነው። ጫጩት ሲንጫጫ የነጋ እንቁጣጣሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ለበዓል ገበያ የሚሄደው ዶሮ ሳይነጋ ነው የሚያዘው፤ በጨለማ ስለማያይ ከቆጡ አይሸሽም። አንድ ጳጉሜ እናቴ ገብስማውን አውራ ዶሮ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቀዩን ልታወርድ ተንጠራራች። ክንዷ ሲነሳ ብብቷ ተከፈተ። ገብስማው ክንፉን ሲያራግፍ ኩራዙ ጠፋ፣ ቀዩ በርግጎ ከጣራው ማገር ላይ ወጣ፤ በጨለማ ቀረን።

ምሳሌው የሚነገረው በእጁ ያለውን ሳያጸና ሌላ ሲከጅል ሁለቱንም ላጣ ሰው ነው፤ ያልተፈረመ ቅጥር ተማምኖ የነበረውን ሥራ ለለቀቀ፣ ወይም እህሉ ሳይሰበሰብ በሬውን ለሸጠ። ብዙ ሰው ስግብግብን መገሠጫ ያደርገዋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቆጡ ላይ ያለውም የራሷ ዶሮ ነው፤ ሴትየዋ የሰው አልተመኘችም። ያጎደለችው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ብብት የሚይዘው ክንድ እስከተገጠመ ብቻ ነው፣ ቆጥ ደግሞ ክንድ ሳይነሳ አይደረስም። ስለዚህ «ጣለች» የሚለው ቃል ላይ ስድብ አይሰማኝም፤ የቸኮለች እናት ነው የሚታየኝ።

እናቴ ከዚያ ንጋት ወዲህ የመጀመሪያውን ዶሮ እግሩን በገመድ አስራ፣ መሬት አስቀምጣ፣ ኩራዙን ለእኔ ሰጥታኝ ነው ወደ ቆጡ እጇን የምትሰድ።