ጉማራ፣ ርብና ሌሎቹ፦ የጣና ገባር ወንዞችና የዓሣ አጥማጆቻቸው ትዝታ

ጣና ስሙ የገነነው በገዳማቱ፣ በደሴቶቹና በዓባይ መነሻነቱ ነው። ስለ ገዳማቱ ብዙ ተጽፏል። ሐይቁን ስለሚመግቡት ወንዞችና በዳርቻቸው ዓሣ ስለሚያጠምደው ሰው ግን በአማርኛ ተሰብስቦ የሚገኘው ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ለዚህ ነው። መሠረቱ በባሕር ዳር ዙሪያ የተካሄዱ የዓሣ ጥናቶችና የፎገራና የደንቢያ አጥማጆች ወግ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቁና ዓሣዎቹ

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እንዲህ ሰፍቶም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከ60 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል። ከሚገባው የወንዝ ውሃ 90 በመቶ በላይ የሚያመጡት ግን አራቱ ናቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። የሚወጣው አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል መውጣት አይችልም። የጣና ዓሣ ለሺህ ዘመናት ለብቻው ተዘግቶ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተዘግቶ መኖሩ ደግሞ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር አስገኝቷል። ገበያ ላይ አጥማጁም ነጋዴውም በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የሚሉት በእርግጥ አንድ ዓይነት አይደለም። በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ የተባለው ይህ ወገን ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አንዳንድ ቆጠራዎች ከዚያም ያስበልጡታል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ የተወሰኑትን ገልጾ ጽፏል። ብዙዎቹ ግን የታወቁት በ1990ዎቹ፣ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከባሕር ዳር ባልደረቦቻቸው ጋር በሠሩት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ነጭ ዓሣ ከካርፕ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ ፍጥረት አዳኝ ሆኖ መገኘቱ እስካሁን ተመራማሪዎችን ያስደንቃል። ከዚህ ቤተሰብ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተባዛ የዝርያ ስብስብ ከጣና ሌላ የሚጠቀሰው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። የላናኦው አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ ጣና የቀረው የዓለም ሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከነጭ ዓሣ ሌላ አጥማጁ የሚያውቃቸው ቀረሶ፣ አምባዛና በሶ ናቸው። ቀረሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ ይመረጣል። በዚህ ላይ ግን ሁሉም ሰው የየራሱ ሐሳብ አለው።

ጉማራ

ከወንዞቹ ሁሉ በአጥማጁ አፍ የማይጠፋው ጉማራ ነው። በጥናትም ብዙ የተባለለት እሱ ነው።

ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሳል። ዋንዛዬ ፍል ውሃን አልፎ ፎገራ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአስፋልቱ የሚሄድ ሰው ከወረታ በፊት ድልድዩን ይሻገራል። በበጋ ያየው ሰው «ይህ ነው ወንዙ?» ሊል ይችላል። ክረምት ላይ ያየው ግን አይረሳውም።

ዝናቡ ሲጠነክር የደፈረሰው ውሃ ሐይቁ ድረስ ይዘልቃል። ነጭ ዓሣ በወንዙ አፍ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል። ዋናው ጉዞ በነሐሴና በመስከረም ነው። ዓሣው ሽቅብ ወጥቶ፣ ደለሉን ሜዳ አልፎ፣ ጠጠር ወዳለባቸው ትንንሽ ጅረቶች ይገባል። ዕንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ጠጠር የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕንቁላሉ በድንጋዮቹ መካከል ተሸሽጎ፣ አየር ያለው ፈጣን ውሃ እየታጠበበት መቆየት አለበት። ጭቃ ከሸፈነው ይታፈናል። ሁሉም ዝርያ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከጊዜ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

የአዛውንት አጥማጆች ትዝታ የሚያርፈው በዚህ ወቅት ላይ ነው። ፍልሰታ ተፈቶ፣ ገና ሰማዩ ሳይጠራ፣ ሰው ቅርጫት ይዞ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ጠባብ ቦታ ላይ ድንጋይ ይደረድርና ለውሃው አንድ በር ብቻ ይተውለታል። ቅርጫቱ በሩ ላይ ይቀመጣል። የተያዘችው እንስት ሆዷ ሲነካ ዕንቁላሏ እጅ ላይ ይፈሳል። እንዲህ ያለችውን መልሶ የሚለቅ አባት እንደነበረ የሚያወሩ አሉ። ሁሉም እንደዚያ አያደርግም ነበር።

በበጋ ደግሞ ሥራው የመንጠቆ ነው። እኔም የተማርኩት ጉማራ ላይ፣ ከአጎቴ ነው። የማጥመጃ ዘንግ የለም፣ ክር መጠቅለያ ማሽን የለም። ክሩ ቁራጭ እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ ለክብደት አሮጌ ብሎን ይታሰርበታል፤ ትል ይሰካል። ከተወረወረ በኋላ ክሩ የሚያዘው በሌባ ጣት ነው። ዓሣው ምን እንደሆነ ሳይወጣ የሚታወቀው በጣት ነው። አምባዛ ዝም ብሎ ወደ ታች ይጎትታል። ነጭ ዓሣ መንጭቆ ይሮጣል። ቀረሶ እየለቀመ ትሉን ጨርሶ ይሄዳል። ልጅ ሆኖ ይህን ልዩነት የለየ ሰው እድሜ ልኩን አይረሳውም።

ስለ ብርብራም መነገር አለበት። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል። ዱቄቱ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ በሚተኛበት ኩሬ ላይ ይበተናል። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ የተያዘውን ዓሣ የበላ ሰውም አይጎዳም ይባላል። ችግሩ ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም። ጅረቱ ላይ የወጣውን እናት ዓሣና የተፈለፈለውን ጫጩት አንድ ላይ ይጨርሳል። መረብ ቢያንስ ቀዳዳ አለው።

ርብ

ርብም የጉና ልጅ ነው። በአዲስ ዘመን በኩል ወርዶ ፎገራን ያጠጣል፤ ሲብስበት ያጥለቀልቃል። ለአጥማጁ ግን ጎርፉ ራሱ ሲሳይ ነበር። ውሃው ሜዳው ላይ ሲተኛ አምባዛ ተከትሎት ይወጣል። ውሃው ሲሸሽ በየጉድጓዱ የቀረውን ልጆች በዱላና በእጅ ያወጡታል። ጭቃ ውስጥ ገብቶ አምባዛን በእጅ መያዝ ቀላል አይደለም። ሰውነቱ ያሙለጨልጫል፤ የጎን ክንፉ እሾህ አለው፤ የወጋው ጣት ለቀናት ያብጣል።

ዛሬ ያ ሜዳ በአብዛኛው የሩዝ ማሳ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ሩዝ ፎገራን አጥግቧል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የዓሣው መዋያ የነበረው ረግረግ ግን ጠቧል። በርብ ላይ ግድብም ተሠርቷል። ግድቡ ለመስኖ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው። ሽቅብ ለሚወጣው ዓሣ ግን መንገዱን ዘግቶበታል።

መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ

መገጭ ከጎንደር አካባቢ ተነስቶ በደንቢያ በኩል ጣና ይገባል። ድርማ ጎረቤቱ ነው። ሁለቱም የነጭ ዓሣ መራቢያ መሆናቸው በጥናት ተረጋግጧል። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የተነገረውም በ2011፣ በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ተሸክሞ አውጥቷል። የደንቢያ አጥማጅ ታንኳው በአረም ተከብቦ፣ መረቡ ከአረሙ ጋር እየተጠላለፈ ከርሟል። ያንን ጊዜ ሲያነሱ እስካሁን ድምፃቸው ይለወጣል።

ግልገል ዓባይ ከሁሉም ይበልጣል። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሳል፤ ምንጩ ጠበል ነው። በገባሩ በቆጋ ወንዝ ላይ ያለው ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው። አርኖ ጋርኖ የተባለው ሌላው ገባር ወንዝም የነጭ ዓሣ መውጫ ነው።

ታንኳ፣ ሞተርና መረብ

በጣና ዓሣ ማጥመድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሱት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከደንገል ታንኳ መሥራት የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ተጠፍሮ ይታሰራል። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ዳር ወጥቶ ይሰጣል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ከወራት አያልፍም። በታንኳ ሩቅ አይኬድም። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የሚጠመደው ዳር ዳሩን፣ በብዛትም ቀረሶ ነበር።

በ1986 ነገሩ ተለወጠ። በግብርና ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያንና በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ አገኘ፤ ባሕር ዳርም ዓሣ በላች። ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ሞተሩ አጥማጁን ታንኳ ወደማትደርስበት ወንዝ አፍ አደረሰው። ነሐሴ ላይ ዓሣው ተሰብስቦ ሽቅብ ሊወጣ ሲል መረቡ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የተወሰዱ መረጃዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ ቁጥርማ ከዚያም በላይ አሽቆልቁሏል።

ገበያውን የሚያሞቀው ፆም ነው። ዐቢይ ፆም ሲገባ የዓሣ ዋጋ ይወጣል። በፆም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው አከራካሪ ነው። አባቶች በዐቢይ ፆም እንደማይፈቀድ ያስተምራሉ፤ በከተማው ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው። ወደ ሱዳን የሚሻገር ደረቅ ዓሣም አለ።

ዛሬ

ባሕር ዳር ላይ ከጣና መውጫ አጠገብ አሁንም ክር የሚወረውር ወጣት አይጠፋም። የዓባይን አወጣጥ ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ነው። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። በ2015 ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል።

ሕግ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ2003 ነው። ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር በገልባጭ መኪና መዛቁ ግን ቀጥሏል። የሚዛቀው ጠጠር ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥልበት ነው። የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም ሆኑ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በመራቢያ ወራት የወንዞቹ አፍ ለመረብ እንዲዘጋ ደጋግመው ጠይቀዋል።

አንድ ያልተቋጨ ክርክርም አለ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ በተጠኑት ወንዞች ውስጥ ሲራቡ አልተገኙም። ተመራማሪዎች በአብዛኛው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባሉ ባይ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ገና ያልተጠና ወንዝ ይኖራል ይላሉ። ጥያቄው ለአጥማጁም ቀላል አይደለም። የወንዞቹ አፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ቢዘጋ የትኛው ዓሣ እንደሚድን የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። መዝጋቱን የሚደግፉ የፎገራ አዛውንቶች አሉ። በሌላ በኩል ክረምቱን በመረብ የሚኖር ወጣት አለ። ልጆቹን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የሚያስገባው በዚያው ገቢ ነው፤ ስለዚህ ወራቱ ከመዘጋታቸው በፊት ሌላ ሥራ እንዲታሰብለት ይጠይቃል።