«አቧራ አርጂቢ» ምንድን ነው?

በበጋ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆናችሁ ጮቄ የማይታይበት ቀን ያጋጥማል። ደመና የለም፣ ጉምም አይደለም፤ አየሩ ብቻ ደፍርሷል። አንዱ «ቆላው ሣር እያቃጠለ ነው» ይላል። ሌላው «የሱዳን አቧራ ነው» ይላል። ከመሬት ሆኖ ማን ልክ እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ከላይ የሚለይበት አንዱ መንገድ አቧራ አርጂቢ ነው። አቧራን በደማቅ ሮዝ የሚያሳይ የሳተላይት ምስል ነው። አርጂቢ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማለት ነው፤ የስልካችን ስክሪንም ቀለሙን ሁሉ የሚያወጣው ከነዚሁ ከሦስቱ ነው።

ሮዙ የአቧራው የራሱ ቀለም አይደለም። ምስሉ የተሠራው ከሙቀት ነው። መሬትም ደመናም አቧራም ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃሉ። ሜቲኦሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ይህን ጨረር በ8.7፣ በ10.8 እና በ12 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ለየብቻ ይለካሉ። የበረሃ አቧራ ማዕድን የ10.8ቱን ከ12ቱ አብልጦ ይውጣል። ይህ ልዩነት በቀይ ይሳላል። የ10.8ቱና የ8.7ቱ ልዩነት በአረንጓዴ፣ የ10.8ቱ ሙቀት ራሱ ደግሞ በሰማያዊ ይሳላል። አቧራ ሲመጣ ቀዩ ይጎላል፣ አረንጓዴው ይደክማል፣ ሰማያዊው ግን ከሞቃት መሬት በላይ እንደጎላ ይቆያል። በቃ፣ ሮዝ ሆነ።

በሙቀት ስለሚሠራ ሌሊትም ያያል። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር፣ አንድ ቦታ ቆሞ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያነሳል። ዋናው ጥቅሙም ይሄ ይመስለኛል። ነጠላ ምስል ሊያሳስት ይችላል፤ ባዶ በረሃም አንዳንዴ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ምስሎቹን አከታትላችሁ ስታዩ ግን መሬቱ ባለበት ይቀራል፣ አቧራው ይጓዛል። ካርቱም አካባቢ የተነሳ ሀቡብ (ትልቅ የአቧራ ማዕበል) ወዴት እንዳቀና የሚታየው እንዲህ ነው።

ጢሱስ? አቧራ አርጂቢ ላይ አይታይም። የጢስ ቅንጣት ለነዚህ ሞገዶች በጣም ደቃቅ ነው። ኅዳር ሲታጠን አገሩን ሁሉ ጢስ ቢሸፍነው እንኳ ሮዝ አትጠብቁ። ለጢስ የሚበጀው ቀን የተነሳ ተራ የቀለም ምስል ነው፦ ጢስ ግራጫ ወደ ሰማያዊ፣ አቧራ ቡናማ ይመስላል። ናሳ የሚያወጣውን የእሳት ነጥብ ካርታ ደርቡበት። መተከል በኩል ነጥቦች ተደርድረው ግራጫው ከነሱ ከተነሳ፣ ስለ ሣሩ ያወራው ሰውዬ ልክ ነው። የአዊ ዞኑ ፋግታ ለኮማ ወረዳ የከሰል ክምር ግን በአፈር ተዳፍኖ ስለሚጤስ ለሳተላይቱ አስቸጋሪ ነው።

ክረምት ላይ ደመናው ሁሉንም ይጋርዳል። ደግሞ ሮዙ አቧራው በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ አይነግርም። ከራሳችን በላይ አልፎ የሚሄድም ሊሆን ይችላል። የምንተነፍሰውን ለማወቅ መሬት ላይ የተተከለ የአየር መለኪያ ያስፈልጋል።