ላምዳ ካልኩለስና ፈንክሽናል የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች

ላምዳ ካልኩለስ ማንኛውንም ስሌት በፈንክሽን (ግብዓት ተቀብሎ ውጤት በሚሰጥ ደንብ) ብቻ የሚገልጽ የሒሳባዊ ሎጂክ ሥርዓት ነው። ፈንክሽናል የሚባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ማለትም ሊስፕ፣ ስኪም፣ ኤምኤል፣ ሃስክልና ዘመዶቻቸው፣ የዘር ሐረጋቸው ወደዚሁ ሥርዓት ይቆጠራል። ዝምድናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሃስክልን የመሳሰሉት ሥርዓቱን መሠረት አድርገው ሲታነጹ፣ የሁሉም ታላቅ የሆነው ሊስፕ በመጀመሪያ የወሰደው አጻጻፉን እንጂ ሕጉን አልነበረም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ አሎንዞ ቸርች በፕሪንስተን ሆኖ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በ1932 ያሳተመው ለመላው ሒሳብ መሠረት የሚሆን ሎጂክ ለመቀመር አስቦ ነበር። ውጥኑ አልሰመረም፤ በ1935 ተማሪዎቹ የነበሩት ስቲቨን ክሌኒና ባርክሊ ሮሰር ሥርዓቱ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ አረጋገጡ። ቸርች የሎጂኩን ክፍል ትቶ ስለ ፈንክሽን የሚናገረውን ብቻ አስቀረ፤ በ1936ም በዚሁ በተረፈው ክፍል ተጠቅሞ፣ የቀረበለትን የሎጂክ ዓረፍተ ነገር ሁሉ መርምሮ ፍርድ የሚሰጥ አጠቃላይ የስሌት ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አሳየ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በዚያው ዓመት በሌላ መንገድ፣ ስሌትን ደረጃ በደረጃ የሚፈጽም ምናባዊ ማሽን አስቦ፣ ከተመሳሳይ ውጤት ደረሰ፤ በ1937 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የእርሱ ማሽንና የቸርች ላምዳ የሚያሰሏቸው ፈንክሽኖች አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ። ከቸርች ቀደም ብሎ የሎጂክ ሊቁ ሞይሴይ ሾንፊንከል በ1924 ተለዋዋጭ (እንደ ሀ ያለ፣ በዋጋ የሚተካ ስም) የሌለበት ተመሳሳይ ሥርዓት አሳትሟል። ለፈንክሽን ምልክትነት የተመረጠው ፊደል ለምን የግሪኩ ላምዳ (λ) እንደሆነ ያከራክራል፤ የሎጂክ ሊቃውንቱ ራስልና ዋይትሄድ በተለዋዋጭ አናት ላይ ያኖሩት ከነበረው ባርኔጣ መሰል ምልክት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ቸርች በኋለኛ ዘመኑ እንዲሁ የተመረጠ ፊደል መሆኑን ተናግሯል የሚሉም አሉ።

በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ተለዋዋጭ፣ ፈንክሽን መፍጠር እና ፈንክሽንን በግብዓት ላይ ማዋል። «ላምዳ ሀ. ሀ + 1» ብንል ሀ የተባለ ግብዓት ተቀብሎ 1 የሚጨምር ስም የለሽ ፈንክሽን ነው፤ 4 ስንሰጠው ሀ ባለበት ቦታ 4 ይተካና 5 ይገኛል። ስሌት ማለት ይህ መተካካት ነው። በንጹሑ ሥርዓት ግን ቁጥርም ሆነ የመደመር ምልክት ስለሌለ እነርሱም በፈንክሽን ይገለጻሉ፤ ለምሳሌ 2 ማለት «ላምዳ ተ. ላምዳ ሀ. ተ (ተ ሀ)» ነው፣ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መደጋገም ማለት ነው። መደመርና ማባዛት በዚህ መንገድ በቀላሉ ሲገኙ አንድ መቀነስ ግን አስቸግሮ ነበር፤ ቸርች ራሱ አይቻልም ወደ ማለቱ ተቃርቦ ሳለ መፍትሔው ለክሌኒ የመጣለት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሆኖ ነው።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጆን ማካርቲ ከ1958 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ሊስፕን ሲሠራ ፈንክሽንን እንደ ግብዓት የሚያቀብልበት አጻጻፍ ስላስፈለገው ላምዳን ከቸርች ተዋሰ። ሊስፕ የላምዳ ካልኩለስ ሥጋ ለባሽ ነው የሚለውን በሰፊው የተነገረ አባባል ያስተባበለው ማካርቲ ራሱ ነው፤ በጊዜው ሥርዓቱን በቅጡ እንዳልተረዳው በግልጽ ተናግሯል። ልዩነቱ በተግባር የሚታየው እንዲህ ነው። ቁ 10 በሆነበት ቦታ «ላምዳ ሀ. ሀ + ቁ» የሚል ፈንክሽን ጻፍን እንበል። ይህን ፈንክሽን ቁ 100 ወደሆነበት ሌላ ቦታ ወስደን 1 ብንሰጠው፣ በቸርች ሕግ መልሱ 11 ነው፤ ቁ የሚፈታው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ቦታ ነውና። የጥንቱ ሊስፕ ግን የቁን ዋጋ ፈንክሽኑ ከተጠራበት ቦታ ስለሚፈልግ 101 ይመልሳል። ይህ ጉድለት ለዓመታት የሊስፕን ሰዎች ሲያወዛግብ ኖሯል።

የቸርችን ሕግ በሊስፕ ቤተሰብ ውስጥ በክብር ያስቀመጠው በ1975 የተወለደው ስኪም ነው። ጄራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል በዚያው በኤምአይቲ የካርል ሂዊትን «አክተር» የተባለ ሐሳብ (መልእክት እየተለዋወጡ የሚሠሩ የፕሮግራም አካላት) ለመረዳት አንዲት ትንሽ ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም ኮድን እያነበበች የምታስፈጽም ፕሮግራም፣ ጻፉ፤ ሥራው ሲያልቅ አክተርንና ላምዳን የሚያስፈጽሙት የኮድ ክፍሎች በመሠረቱ አንድ ሆነው አገኟቸው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ባወጧቸው ጽሑፎች የድግግሞሽ ትእዛዞች፣ ዝላዮችና ተለዋዋጭ ማወጅ ሁሉ በላምዳ ሊገለጹ እንደሚችሉ አሳዩ።

ለዚህ መንገድ የጠረገው እንግሊዛዊው ፒተር ላንዲን ነው፤ የሚገባውን ያህል ያልተወሳ ሰው ነው ማለት ይቻላል። በ1964 የላምዳ አገላለጽን ደረጃ በደረጃ የሚያሰላ ምናባዊ ማሽን ነደፈ፤ ይህም አራት ክፍሎች ነበሩት። በ1965 አልጎል 60 የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በላምዳ ተረጎመ፤ በ1966 ደግሞ አይስዊም የተባለ ቋንቋ አቀረበ። «ሀ 5 ይሁንና ሀ + 1 ይሰላ» የሚለው አነጋገር «(ላምዳ ሀ. ሀ + 1) 5» ከሚለው የተለየ ትርጉም እንደሌለው፣ ልዩነቱ ለአንባቢ የሚጣፍጥ ስኳር ብቻ መሆኑን ያስተማረው እርሱ ነው።

ኤምኤል በ1970ዎቹ በሮቢን ሚልነር መሪነት በኤድንብራ ተወለደ። ቸርች በ1940 ያወጣው ዓይነት ያለው ላምዳ (እያንዳንዱ ፈንክሽን ምን ዓይነት ግብዓት እንደሚቀበል አስቀድሞ የሚወሰንበት) የዚህ ቅርንጫፍ ሥር ነው፤ በዚያ ሥርዓት ፈንክሽን ራሱን ግብዓት አድርጎ መቀበል ስለማይችል ስሌት ሁሉ ማለቂያ አለው፣ ስለዚህ ቋንቋዎቹ ፈንክሽን በውስጡ ራሱን መልሶ የሚጠራበትን መንገድ ለብቻው ይጨምሩታል። በ1987 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተወጠነውና በ1990 የወጣው ሃስክል ስሙን ያገኘው ከሎጂክ ሊቁ ሃስክል ከሪ ነው። ኤምኤል ግብዓትን አስቀድሞ ሲያሰላ ሃስክል እስኪፈለግ ያቆየዋል፤ የሁለቱ መንገዶች ውጤት ሁለቱም ሲያልቁ እንደማይለያይ ቸርችና ሮሰር በ1936 ያረጋገጡት ነው። ሃስክል ውስጥ ላምዳ የሚጻፈው አንድ እግሯ በጎደለ ላምዳ፣ ማለትም ወደ ኋላ ባዘመመ ጭረት ነው።

ዛሬ ሲፕላስፕላስ፣ ፓይተንና ጃቫም ስም የለሽ ፈንክሽንን «ላምዳ» ይሉታል። ጃቫ ከ2014 ጀምሮ ሲቀበለው፣ ላምዳው ከውጭ የሚወስደው የሜተድ (የጃቫ ፈንክሽን) ተለዋዋጭ ዋጋው አንዴ ከተሰጠ በኋላ እንዳይቀየር ደንግጓል፤ በቸርች ሥርዓት ዋጋ መቀየር ከመጀመሪያውም የለም።